ለዳዊት በተሰፋው ኪስ ስለገባው ሽጉጥ የተሰጠ ቃል

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ጸሐይወርቅ ወልደየስ
ዕድሜ፦ 63
አድራሻ፦ ካፔለ አን ደን አይሰል
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ቀን፦ ሮተርዳም፣ እሑድ ኖቬምበር 17 ቀን 2024፣ ከጠዋቱ 10፡20
አስተርጓሚ፦ ወ/ት ሱአድ

ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው መልአኩ ገብረመድህን ነው። መልአኩ የልጄ የናቲ የክርስትና አባት ሲሆን በስኬቨኒንገን በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ይሠራል። ልጄን በአርባ ቀኑ ከክንዴ ተቀብሎ ያቀፈው እሱ ነው። ባለቤቴ አድማሴ ሲሞትም ደረቱን እየደቃ “ከዛሬ ጀምሮ አባቱ እኔ ነኝ” ብሏል። አባትነቱ ምን እንደሆነ ትናንት በዓይኔ አይቻለሁ።

ናቲ 23 ዓመቱ ነው፤ በሮተርዳም ወደብ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። በሴፕቴምበር ወር ከሥራ ሲመለስ ሁለት ሰዎች ሜትሮ ጣቢያ ላይ ቢላዋ ደቅነው ስልኩን ወሰዱበት። ቤትህን እናውቀዋለን ብለውም አስፈራሩት። ፖሊስ ዘንድ እንሂድ ብዬ ለመንኩት፤ እምቢ አለ። ይህንን የነገረው ለመልአኩ ነው።

እሑድ ኖቬምበር 3 ቀን ከቅዳሴ በኋላ ሁለቱም ቤቴ መጡ። እኔ የቤተ ክርስቲያን ሰዎችን ልብስ እሰፋለሁ። መልአኩ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ እንጨት ሰጥቶኝ፣ ለናቲ መዝሙረ ዳዊት ሊሰጠው ስለሆነ በዚህ ልክ በጃኬቱ ውስጥ በግራ በኩል ኪስ እንድሰፋለት ጠየቀኝ። ዳዊት እንዲህ ጠባብ ነው ወይ አልኩት። “የኪስ ነው እኮ፣ እትዬ” አለኝ። አዝራር ልሥራለት ስል ደግሞ ቶሎ እንዲወጣ አፉ ክፍት ይሁን አለኝ። ልጄ ሜትሮ ውስጥ አውጥቶ ሊደግም ነው ብዬ ደስ አለኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በ52 ዓመቴ ስለሆነ ዳዊት ሲባል ሌላ ነገር አላስብም። ክሩን ደርቤ፣ እያመሰገንኩ ሰፋሁት።

ትናንት ቅዳሜ በዚህ አገር ሰዓት ከቀኑ 3 አካባቢ ከገበያ ተመለስኩ። ጫማዬን ኮሪደሩ ላይ እያወለቅሁ ሳለ ድምፃቸውን ከሳሎን ሰማሁ።

መልአኩ “ትልቁ ብዙ ጥይት ይይዛል፤ ግን አንተ እንደ ሸንበቆ ቀጥነህ ከጃኬትህ ሥር ጉብ ይልብሃል” ይለዋል።

ናቲ እየሳቀ “ጫማ የምትገዛልኝ ትመስላለህ” አለው።

“ጫማማ ቢጠብህ ትመልሰዋለህ። ትንሹን ያዝ፣ ዘጠኝ ሚሊሜትሩን። ከሱ ያነሰው ጥይት ሰው ያናድዳል እንጂ አይጥልም።”

ናቲም “እሺ፣ ይሄ ይሁን” አለ።

ገባሁ። ጠረጴዛዬ ላይ፣ ልጠልፈው በዘረጋሁት ነጠላ ላይ፣ አንድ ሽጉጥ ተቀምጧል። ከጎኑ በስኒ ማስቀመጫ ላይ ጥይቶች አሉ። ሌላውን፣ ትንሹን፣ ልጄ ጃኬቱን ለብሶ ወደ ኪሱ ሲከተው አየሁ። ልክክ ብሎ ገባ። ሳላውቅ የሽጉጡን ልክ ሰፍቼለት ነበር።

መልአኩ “አይደንግጡ፣ እትዬ ጸሐይወርቅ። ከአምስተርዳም ለማየት ያህል ነው ያመጣነው፤ ባዶ ነው” አለኝ። ጥይቱ እዚያው ስኒ ማስቀመጫው ላይ ነበር። ምን ብዬ እንደጮህኩ አላስታውስም። እሱ ትልቁን ሽጉጥና ጥይቱን በቦርሳው ከትቶ ደረጃውን ወረደ። ልጁን ትቶት ሄደ።

በሩን ቆልፌ ቁልፉን ያዝኩ። ናቲ “ሩስተኽ፣ ማማ፣ ተረጋጊ” አለኝ። ቀጥሎም “ቢጠይቁሽ ሽጉጡን መልአኩ ጥሎት ሄደ በይ። እኔ አልነካሁትም በይ። እንደዚያ ካልሽ ነጻ እወጣለሁ” አለኝ። ሕፃን ሳለ መርፌ ሲወጋ የሚያየኝን አስተያየት አየኝ። 112 ላይ ለፖሊስ ደወልኩ። በተሰባበረ ደችዬ ልጄ ሽጉጥ ይዟል አልኩ። ናቲ ሽጉጡን ከኪሱ አውጥቶ ወለሉ ላይ አስቀመጠና ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። ፖሊሶች መጥተው እጁን ሲያስሩት “አንቺ ነሽ የደወልሽው?” አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት።

ልጄን የሚጠቅመው ምን ብናገር እንደሆነ አውቃለሁ። ሌሊቱን ሙሉ በአፌ ተለማመድኩት፤ አልወጣልኝ አለ። መልአኩ አምጥቶለታል፤ መርጦ የያዘው ግን ልጄ ነው።

ይህ ቃል በአማርኛ ተነቦልኝ፣ ራሴም ጣቴን እያስከተልኩ አንብቤዋለሁ። ያልኩት ነው የተጻፈው፤ ያልሆነ ነገር የለበትም። ማንም አላስገደደኝም።

የምስክር ፊርማ፦ ጸሐይወርቅ ወልደየስ
ቃሉን የተቀበለው መኮንን ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
የአስተርጓሚ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)

ከፊርማው በኋላ ምስክሯ እንዲጻፍላቸው የጠየቁት፦

በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሰው ሁሉ “ናቲ እንዴት ነው?” ይለኛል። ሥራ ቀርቶ ተኝቶ ሲውልም፣ ሳያናግረኝ ሲከርምም “ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን” እያልኩ ኖሬአለሁ። ከእንግዲህ ደህና ነው አልልም።