ጣሪያ ላይ የወጣው ብረት

ከሳሪስ አቦ ወደ አቃቂ በታክሲ ስንሄድ፣ ከፊቴ የተቀመጠው ጎልማሳ አንድ ወጣት ሲገባ አይቶ ማስኩን ወደ አገጩ ዝቅ አደረገ።

“አንተ! ጂሙን ሰኞ ልከፍት ነው። ብረቴስ?”

“አሰልጣኝ! እንኳን ደስ አለህ። ብረቱ አለ እኮ።”

“ኮሮና ሲያዘጋን ቤታችሁ እንድትሠሩበት ነው ያከፋፈልኳችሁ። አሁን ሁሉም ‘አለ’ ይላል። አንዱ በር አስደግፎበታል፤ ሌላው የጠላ ጋን ከድኖበታል። ያንተ የት ነው?”

“ጣሪያ ላይ።”

“ጣሪያ ላይ ነው የምትሠራው?”

“ነፋስ ቆርቆሮውን ሲያነሳብን እማዬ ጫነችበት።”

“በቃ አውርደዋ!”

“ክረምቱ ሳይወጣ አይነካም ብላለች።”

“ሰው ሰኞ መጥቶ ምን ያንሳ? ባዶ ቤት ነው እኮ የምከፍተው!”

“ድንጋይ ካመጣህ ትቀይርልሃለች።”

አሰልጣኙ ትንሽ አሰበ።

“ምን ዓይነት ድንጋይ?”

“ብረቱን የሚያህል። በእጇ አንስታ ካልመዘነችው ግን አትቀበልህም።”

“ያንን ብረት እናትህ ያነሱታል?”

“ጣሪያ ላይ ማን ያወጣው መሰለህ?”

“አንተስ?”

“እኔ መሰላሉን ያዝኩ።”

አቃቂ እስክንደርስ በመስኮቱ የማየው ጣሪያ ጣሪያውን ብቻ ሆነ።