አዲሱ ቴፕና አምስተኛው ልምምድ

ጌጡ ዓመት ሙሉ አኩርፎት የቆየውን የሚስቱን ታላቅ ወንድም፣ ጋሽ ደምሴን፣ በሽማግሌዎች ፊት ይቅርታ ሊጠይቅ ከሚስቱ ከውድነሽ ጋር ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት በመኪና እየሄደ ነው፤ ውድነሽ ሲዲ በእጇ ይዛለች።

ውድነሽ፦ እኔ የጠየቅኩህ አንድ ነገር ነው፤ ይቺን ሲዲ ክተታት።

ጌጡ፦ አልከትም አልኩሽ! አዲስ ቴፕ ነው፤ በፍላሽ ነው የሚሠራው።

ውድነሽ፦ ታዲያ ይሄ አፍ ምንድን ነው? ለማዛጋት ነው?

ጌጡ፦ ሲዲም ይቀበላል፤ ያንቺን ግን አይቀበልም። እያት እስቲ፣ ድመት የቧጠጣት ነው የምትመስለው።

ውድነሽ፦ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ያደረግካት ድመቷ ናት?

ጌጡ፦ ፍላሹ ላይ ሁለት ሺህ ዘፈን አለ እያልኩሽ! ሁለት ሺህ!

ውድነሽ፦ ሁለት ሺህ ዘፈን ይዘን ከሰፈራችን ከጠባሴ ጀምሮ ለቅሶ ቤት እንደሚሄድ ሰው ዝም ብለን ነው የመጣነው።

ጌጡ፦ እያነበበ ነው።

ውድነሽ፦ ምን? ዳዊት? ዳዊትም ቢሆን እስካሁን ያልቅ ነበር። ዞር በል፣ ራሴ እከታታለሁ።

ጌጡ፦ ኧረ ተይ! አትግፊው!

ውድነሽ፦ ገባች። አየህ? በደንብ ሲይዙት እሺ ይላል።

ጌጡ፦ እሺ አላለም፤ ዋጣት! አላነብም እያለ ነው። ይኸው፣ አትወጣም።

ውድነሽ፦ ባለቤቱን መስሎ ነዋ። የዋጠውን አያወጣም።

ጌጡ፦ ደግሞ ጀመርሽ።

ውድነሽ፦ አልጀመርኩም፤ ዓመቴ ነው። በጋሼ ልጅ ሰርግ ቀን የቀረበልህን ሳህን ትተህ ውልቅ አልክ። ለምን ስልህ፣ ራሴን አሞኝ።

ጌጡ፦ አሞኝ ነበራ።

ውድነሽ፦ የምን ራስ ምታት ነው ጋሼ ስልክ ሲደውል ብቻ የሚነሳ? አሁን ሽማግሌዎቹ ፊት ስትቆም ምን ልትል ነው? ይቅርታ የምትለዋ ቃል እንደሆነች አንተ ጋ አትደርስም።

ጌጡ፦ እላለሁ አልኩ፣ እላለሁ... ቆይ! ያዘ! ፍላሹን አነበበው! አሁን ድምፅ ምን እንደሆነ ትሰሚያለሽ።

ጌጡ (ከስፒከሩ)፦ አንደኛ። ጋሽ ደምሴ፣ እንደምን ሰነበቱ። ባለፈው... እ... በዕለቱ በተፈጠረው... ኤጭ፣ የዕድር ቃለ ጉባኤ አስመሰልኩት።

ውድነሽ፦ ይሄን ዘፋኝ የማውቀው መሰለኝ።

ጌጡ፦ ወይኔ! የስልኬን ነገር በሙሉ ነው የገለበጥኩት፤ የቀዳሁት ድምፅም አብሮ ገብቷል! ንቀይው ፍላሹን!

ውድነሽ፦ እጅህን መሪው ላይ! ጣርማበር ነን፣ ገደሉ አይታይህም? ፍላሹን የነካህ እንደሆነ እወርዳለሁ።

ጌጡ (ከስፒከሩ)፦ ሁለተኛ። ጋሽ ደምሴ፣ ታላቄ ነዎት፤ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። ጥሩ... ጥሩ ነው። አሁን ለዚህ ጉረኛ ሰውዬ ልንበረከክ?

ውድነሽ፦ ጉረኛ? ወንድሜን?

ጌጡ፦ ልምምድ ነው!

ውድነሽ፦ ስድቡንም ተለማመድከው? ስንት ጊዜ ነው የቀዳኸው ለመሆኑ?

ጌጡ፦ አምስቴ። ሽንት ቤት ውስጥ ሆኜ።

ውድነሽ፦ እኔ ሞኟ ሆዱን ቆርጦት ነው ብዬ ጤና አዳም አፍልቼ በር ላይ ቆሜልሃለሁ!

ጌጡ፦ ውድነሽ፣ ስሚኝ። ሦስትና አራትን እንደፈለግሽ ሳቂባቸው። አምስተኛውን ግን ተይው። እሱን አልናገረውም፤ የምለው ሁለተኛውን ነው።

ውድነሽ፦ እንዲህ ከሆነማ አልፌ ወደ አምስተኛው። ይቺ ቀስት አይደለች የምታሳልፈው?

ጌጡ፦ በልጆቻችን ይዤሻለሁ...

ጌጡ (ከስፒከሩ)፦ አምስተኛ። ጋሽ ደምሴ፣ ያን ቀን ራሴን አላመመኝም። ከድንኳኑ ጀርባ እጄን ስታጠብ አማቾችህ፣ ያቺ ደፋ ቀና የምትለው ሴት ማናት ብለው ሲጠይቁህ ሰማሁ። ሠራተኛችን ናት አልካቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሽንኩርት ስትልጥልህ የከረመችውን እህትህን! እኔ አልነገርኳትም። ጋሼ ስትል ፊቷ እንዴት እንደሚበራ አይቼ፣ አቃተኝ። ስለዚህ ጥፋተኛው እኔ ልሁን። ይቅርታ። በቃ።

ጌጡ፦ ... ውድነሽ።

ውድነሽ፦ ሠራተኛችን ናት፣ አለ?

ጌጡ፦ የሰርግ ግርግር ነው። ሰው አፉ ላይ የመጣለትን ይላል።

ውድነሽ፦ ለዚህ ነዋ፣ ሙሽሮቹ ጋ ፎቶ ልነሳ ስጠጋ፣ እስቲ ጓዳውን እይልኝ ያለኝ። እኔ ደግሞ የሚተማመነው በእኔ ነው ብዬ ስሮጥ!

ጌጡ፦ ቀሚስሽ ላይ ወጥ ስለነበረ...

ውድነሽ፦ ወጡ የማን ነበር? አታስተባብልለት። ዓመት ሙሉ ባለጌ ስልህ፣ አኩራፊ ስልህ፣ እናቴ ፊት ሳሳጣህ፣ እንዴት አንድ ቀን ይቺ ነገር ከአፍህ አታመልጥህም?

ጌጡ፦ ባለጌ ስትዪኝ ደግሞ ያምርብሻል።

ውድነሽ፦ አታስቀኝ፣ እያለቀስኩ ነው።

ጌጡ፦ እንመለስ? እዚያ ጋ መዞሪያ አለ። መኪናው ተበላሸ ብለን እንደውላለን።

ውድነሽ፦ ንዳ።

ጌጡ፦ ወዴት?

ውድነሽ፦ ሽማግሌዎቹ የጋሼ በረንዳ ላይ ተቀምጠው እየጠበቁን አይደል? ወደ እነሱ ነዋ።

ጌጡ፦ እንዲህ ሆነሽ እኔ ምን እላለሁ?

ውድነሽ፦ አንተ ምንም አትልም። በረንዳው ሥር አቁምና አራቱንም መስኮት ክፈት፤ ከዚያ አምስተኛውን ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርገህ ልቀቅልኝ።