አመነችን ማን ቀባት?

አምና ጥቅምት ላይ፣ ጨንቻ ውስጥ እኔ ዘበኛ በሆንኩበት የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት፣ አመነች ከምትባል ተማሪ አፍ ደም ወረደ። ሰው ሁሉ አየ። ማንም አልደነገጠም። ልብ በሉ ልጆቼ፣ ማንም አልደነገጠም።

እኛ ስናድግ ጅብ ስለሚሆን ሰው ሰምተናል። ከሬሳ ሣጥን ተነሥቶ የተማሪ አንገት ነክሶ ደም የሚመጥ ግን አልሰማንም። እሱን ያመጡብን ከአዲስ አበባ የመጡ ፊልም ሠሪዎች ናቸው። ጉም ፈልገው ነው የመጡት፤ የጨንቻ ጉም ደግሞ ሳያንኳኳ ቤት ይገባል። ታዲያ ዳይሬክተር የሚሉት ጎረምሳ ተማሪዎቹን ሰበሰበና፣ «እናንተ የተነከሳችሁ ናችሁ። ነጭ ለብሳችሁ ከጉሙ ውስጥ ዝም ብላችሁ ውጡ፣ በቃ» አላቸው። ቀይ ቀለም በጀሪካን ይዘዋል፣ በየልጁ አገጭ ይቀባሉ፣ እና ትራሱ ቀይ፣ ፎጣው ቀይ፣ ማን ከማን ይለይ?

አመነች ከታች ከቆላው፣ የላንቴ ልጅ ናት፣ ዝምተኛ። ጠዋት ጠዋት ከንፈሯ ላይ ደም ይታያል። «ጉሮሮዬን ይከረክረኛል» ትላለች። ጓደኞቿ፣ «ቀለሙን ዋጥሽዋላ! አክተር ሆነሽ ቀረሽ!» ብለው ይስቁባታል። እና እየገረጣች፣ እየገረጣች ሄደች። ዳይሬክተሩ ደስ አለው፤ «ፊቷን እዩት! ከፊት አቁሟት!»

ታዲያ ሰዎቹ ሄዱ፣ ጀሪካኑም ሄደ። ልጆቹ አንሶላቸውን አጠቡ። በማግስቱ ሰልፍ ላይ አመነች ስታስል ደም መሬት ላይ ጠብ አለ። አንዷ በቀስታ፣ «ቀለሙ እኮ የለም» አለች። ከዚያማ ጩኸት! «የእውነት ደም መጣጭ ሆናለች! ከእኛ ጋር አታድርም! ትውጣ!» አንዷ ድንጋይ አነሣች፣ ሌሎቹም ጎንበስ ጎንበስ አሉ።

ሮጥኩና እርጥብ ሳር ነጨሁ። የጋሞ ሽማግሌ ሳር ይዞ ሲንበረከክ እሱን አልፎ የሚሄድ የለም፤ ታውቃላችሁ። መካከላቸው ተንበረከክሁ። አመነች ከኋላዬ ቆማለች፣ ትንፋሿ ማጅራቴ ላይ ይሰማኛል፣ ያ ትንፋሽ ደግሞ ደም ደም ይላል። እኔስ አልፈራሁም? ፈራሁ እንጂ! ዞሬ ግን አላየሁም።

ድንጋይ የያዘችው፣ «አባባ ቶማ፣ ከነከሰችዎስ?» አለች።

«ትንከሰኝ። በዚህ ሳር ይዤሻለሁ፣ ጣይው።»

ጣለችው። እያለቀሰች ጣለችው።

አመነችን ይዘን አርባ ምንጭ ሆስፒታል ወረድን። ሐኪሟ አፏን አስከፍታ በባትሪ አየችና፣ «አትንቀሳቀሺ» ብላ በመቆንጠጫ አንድ ጥቁር ነገር ጎትታ አወጣች። ይላወሳል፣ ደም ጠጥቶ ተነፍቷል። አልቅት! ለመስቀል ቤቷ ሄዳ ከምንጭ በአፏ ተደፍታ ጠጥታ ኖሯል። ደም መጣጩ እዚያው ጉሮሮዋ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፣ እኛ ከጉም ውስጥ ስንጠብቀው። ዳነች። አሁንማ ወፍራ ትሰድበኛለች።

ዘንድሮ ፊልሙ አርባ ምንጭ ላይ ሲታይ አብረን ገባን። ቀለም የተቀቡት ከጉሙ ሲወጡ አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። ከፊት አመነች ብቅ አለች፣ አገጯ በደም ርሷል። ሰው ሁሉ ሳቀ! አጠገባችን የተቀመጠ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጓደኛውን፣ «የዚህችኛዋ ቀለም መሆኑ ያስታውቃል!» አለው።

አመነች ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«አባባ፣ ያን ዕለት እኔን ማንም አልቀባኝም።»