ከክቡ መስኮት ጀርባ

«ይህን ሕንፃ የነደፈው ሰው ሥራ ፈት መሆን አለበት!»

ዛሬ ጠዋት በሊፍት አብሮኝ የወጣ እንግዳ ለጓደኛው ሲናገር የሰማሁት ነው። አልተከራከርኩም። የእሱ ሥራ መፍታት ለእኔ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሥራ ሆኖኛል።

ክቡራትና ክቡራን፣ ይህን የስንብት ግብዣ ስላሰናዳችሁልኝ ከልቤ አመሰግናለሁ። የጥገና ሠራተኛ የሚጠራው ነገር ሲበላሽ ነው። ዛሬ ምንም ሳይበላሽ ተጠራሁ፤ ግራ ቢገባኝ አትፍረዱብኝ። በልማድ መፍቻዬን ይዤ መጥቻለሁ።

በተቀጠርኩ በሦስተኛው ቀን ቀና ብል የሕንፃው አናት መሃል ለመሃል ተሰንጥቋል። በድንጋጤ «አስቸኳይ» የሚል ሦስት ገጽ ሪፖርት ጻፍኩ። ሕንፃውን የነደፉት ሽማግሌ ራሳቸው ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ስንጥቁ እኮ ንድፉ ነው።»

«ታዲያ መቼ ይጠገን?»

«እንዳትነካው!»

ከዚያ ወዲህ ያየሁትን ሁሉ ማመን ተውኩ። መግቢያው ላይ ያሉት አራት ሮዝ አምዶች ሰማይ የተሸከሙ ይመስላሉ። አንኳኩባቸው፤ እንደ ባዶ በርሜል ይጮኻሉ። ሕንፃውን የተሸከሙት ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ያሉት፣ ማንም አጠገባቸው ቆሞ ፎቶ ተነስቶ የማያውቅ ግራጫ ምሰሶዎች ናቸው። የትኛው መሥሪያ ቤት ነው እንዲህ ያልሆነ? አለቆቼ ፊት ለፊት ስለተቀመጣችሁ ይህን ልለፈው።

አሁን ኑዛዜ አለብኝ። ልጄ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ከመንገዱ ማዶ ቆመን «አባዬ፣ ቢሮህ የቱ ነው?» አለችኝ። ቢሮዬ ምድር ቤት፣ የውሃ ፓምፑ ጎን ነው፤ መስኮት የለውም። ጣቴ ግን ሳላዘው ከስንጥቁ ሥር ወዳለው ትልቅ ክብ መስኮት ሄደ። «ያውልሽ!» ከዚያን ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤት ስትሄድ ከአውቶብሱ ውስጥ እጇን ታውለበልብልኛለች። ዛሬም፣ ትልቅ ሰው ሆና፣ በዚህ ስታልፍ ታውለበልባለች።

ክቡ መስኮት ደግሞ፣ እንደምታውቁት፣ መስኮት አይደለም። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ መስታወት ነው። ከጀርባው በርጩማ እንኳ አይገባም።

እናንተስ፣ አጋለጣችሁኝ? ልጄ በመጣች ቁጥር እንግዳ ተቀባይዋ እህታችን «አባትሽ ላይ ናቸው፣ ስብሰባ ላይ» ትላትና ቀስ ብላ ምድር ቤት ትደውላለች፦ «ኧረ ጋሼ፣ እጅዎን ታጥበው ይውጡ! ሥራ አስኪያጅ ነዎት እኮ!» «ፊውዝ» የምንለው የኤሌክትሪክ ባለሙያችን ኮቱን ያውሰኛል። እጅጌው ክርኔ ላይ ይቀራል፤ ቢሆንም ከቱታ ይሻላል። በዚህ ሁሉ ዓመት ከአንዳችሁም አፍ አላመለጠም። ግራጫዎቹ ምሰሶዎች እናንተ ናችሁ። ቅር እንዳይላችሁ፣ ማሞገሴ ነው።

ልጄ እነሆ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ትናንት «አባዬ፣ ከመሰናበትህ በፊት ቢሮህን አሳየኝ» ስትለኝ እንቅልፍ አጣሁ። የእኔ እናት፣ ይቅር በይኝ። ስንጨርስ ምድር ቤቱን አሳይሻለሁ።

ምን ያስቅሻል?

ወዳጆቼ፣ ሊፍቱ መሃል ላይ አይያዛችሁ። የተሸከማችሁት አይክበዳችሁ፤ የሚሸከማችሁም አትጡ። እጁን የሚያውለበልብላችሁ ልጅ ይስጣችሁ። ደኅና ሁኑልኝ።

አንድ ነገር ግን አሁን ትዝ አለኝ። የዛሬ አምስት ዓመት፣ ለልጄ ለምህንድስና መመረቂያ ጽሑፏ የዚህን ሕንፃ ሙሉ ንድፍ ያዋስኳት እኔው ነኝ።