ለልጅቷ የተያዘው ቦታ

ከአዲስ አበባ ወደ አሰበ ተፈሪ በሚሄደው አውቶቡስ ላይ፣ ከፊቴ አንዲት እናትና መሰላ በምትባል ወረዳ የተመደበ ወጣት አስተማሪ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያወራሉ።

«ልጅዎ ተዋናይ ናት?»

«አዎ። መጀመሪያ እዚያው እኛ ከተማ፣ ትምህርት ቤት መድረክ ላይ አየኋት። ያኔ በራሷ ቁመት ልክ ነበረች።»

«ከዚያስ?»

«ፊልም ሠራች ብለው ድሬዳዋ ሲኒማ ቤት ወሰዱኝ። ፊቷ ግድግዳውን ሞላው፤ ፈርቼ ዓይኔን ሸፈንኩ።»

«አሁን ደግሞ በቴሌቪዥን አዩዋት?»

«ስንዝር አክላ። ከስታብኝ ‹ብዪ እንጂ ልጄ› አልኳት፤ የሰማችኝ ይመስል ሳቀች።»

«ሊጠይቋት ነበር አዲስ አበባ የሄዱት?»

«ልመልሳት ነበር እንጂ። ባል ተገኝቶላት አባቷ ቃል ሰጥቷል።»

«እምቢ አለች?»

«መች ጠየቅኳት። ከሥራ መጥታ ደክሟት ተኛች። ጋቢ ላለብሳት ስጠጋ በእንቅልፏ የቴአትሯን ንግግር ትለማመዳለች፣ ፈገግ እያለች። ቀስቅሼ ምን ልበላት?»

«ታዲያ ለአባቷ ምን ሊሏቸው ነው?»

«እስክደርስ አስብበታለሁ። አንተ የተቀመጥክበት ቦታ ለሷ የያዝኩት ነበር።»

እኔም ከኋላቸው ሆኜ፣ ከሚኤሶ በኋላ ወደ አሰበ ተፈሪ የሚያወጣውን ዳገት፣ ለአባትየው የሚሉትን አብሬያቸው እያሰብኩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ወጣሁት።