ውሃ ያፈላው ፓምፕ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የቶርኖ ክፍል ልጆቼ፤

ማሽን አቁማችሁ፣ ወንበር ተሸክማችሁ፣ ስለ እኔ ብላችሁ በመሰብሰባችሁ እግዜር ይስጥልኝ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ሰው ሁሉ በሰዓቱ የተገኘበት ስብሰባ ሳይ ይህ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያው ጭማሪ ይነገራል ተብሎ የተወራበት ነበር፤ አልተነገረም።

መድረክ መሪው ስለ እኔ ብዙ ደግ ነገር ተናገረ። ባለቤቴ የሌላ ሰው ስንብት ላይ የገባች መስሏት ዞር ዞር ስትል አይቻታለሁ። እኔ ግን ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ፓምፕ ነው። "አሁንም ያንኑ?" የሚል ፊት ከወዲያ ይታየኛል። አዎ፣ ያንኑ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። እኛ ቶርኖ ላይ እንጨት እያሽከረከርን ሳህን እናወጣለን። የሳህኑን ቂጥ ስንጨርስ ሌላ የሚይዘው ነገር የለም፤ ፓምፑ ነው አየሩን መጥጦ ማሽኑ ላይ ለጥፎ የሚይዘው። ፈርፋራ እንጨት ሲመጣም ሬዚን ከሚባለው እንደ ሙጫ ያለ ፈሳሽ ጋር ድስት ውስጥ እንዘጋበታለን። ፓምፑ ከእንጨቱ ውስጥ አየሩን ያወጣል፣ ፈሳሹ በቦታው ይገባል፣ ኋላ ሲጋገር እንጨቱ ይጠነክራል።

ከስድስት ዓመት በፊት ያገለገለ ፓምፕ እንድንገዛ ተፈቀደ። ያገለገለ ፓምፕ እንዴት ይመረጣል? እኔ በየዋህነቴ "ይሞከራላ" አልኩ። ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ። ከሰባቱ ቶርኖ ነክቶ የሚያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሻጩ ሁለት አመጣ። አንዱ ቀለሙ የተላላጠ፣ ዘይት የጠገበ አሮጌ ነው። ሌላው ሰማያዊ፣ ሲያዩት ደስ የሚል። የግዥ ኃላፊያችን ሰማያዊውን ዳበስ አድርገው "ይሄ እንኳ ብዙም አልሠራም" አሉ። ቀለሙ እጃቸው ላይ ቀረ።

እኔ ክዳኑ መስታወት በሆነ ድስት ውስጥ አንድ ብርጭቆ ውሃ አስቀመጥኩና አሮጌውን አስነሳሁ። አየሩ በደንብ ከወጣ ውሃ ያለ እሳት ይፈላል፤ የጥሩ ፓምፕ ምልክቱ ይኸው ነው። ብዙም ሳይቆይ ተንተከተከ። ደስ ብሎኝ ዞር ስል ስድስቱም ግድግዳ ተደግፈዋል።

"ይሄ ማሽን ያግላል" አሉ ሰብሳቢው።

"ጌታዬ፣ ውሃው ቀዝቃዛ ነው። ጣትዎን ይክተቱና ይዩት።"

"የፈላ ውሃ ውስጥ? ጣቴን?"

ሰማያዊው ተሞከረ። ሩብ ሰዓት ጠበቅን፤ ውሃው ዝም። "ይሄ ነው እንጂ ረጋ ያለ!" ተባለ። ቃለ ጉባኤው ላይም እንዲህ ሰፈረ፦ "አንደኛው ፓምፕ ሙቀት የሚፈጥር ሆኖ በመገኘቱ፣ ለሠራተኛው ደህንነት ሲባል ውድቅ ተደርጓል።"

ሳቁ፣ ግድ የለም። ይህችን ወሬ ስድስት ዓመት ሙሉ እያወራሁ አስቄያችኋለሁ። ሁልጊዜ ግን እዚህ ላይ ነው የማቆማት። ዛሬ ልቀጥል።

ከዚያ ቃለ ጉባኤ ሥር ሰባት ፊርማ አለ። ሰባተኛው የእኔ ነው። ለምን ፈረምኩ? ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር። ሰብሳቢው "ባለሙያው ከተስማማ ጨርሰናል" አሉና እስክሪብቶ ዘረጉልኝ። ባለሙያ ስባል ደስ አለኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

በአምስተኛው ወር ፓምፑ ሳህን መያዝ አቃተው። ሳህኑ ከቶርኖው ተላቆ አጠገቤ የምትሠራውን እህታችንን ቅንድቧን ሰነጠቃት። መርማሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰዎቹ ያው እኛው። "የአደጋው መንስኤ የሠራተኛዋ ቸልተኝነት" ብለን ጻፍን። ያንንም ፈረምኩ። ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ በዚያ የተነሳ ከእኔ የምትሻል ባለሙያ እስከ ዛሬ እድገት ያልፋታል። ነገ በእኔ ቦታ የሚመደበውም ቶርኖ በፎቶግራፍ የሚያውቅ ሰው ነው ይባላል። ፓምፑ እዚያው አለ። ስታስነሳው ፊቷን ዞር ታደርጋለች፤ ባየኋት ቁጥር አፍራለሁ።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ዛሬ ጠዋት ጸሐፊዎ ዘንድ ደብዳቤ አስገብቻለሁ፤ ቁጥርም ተሰጥቶታል። ጥፋቱ የእሷ ሳይሆን ፓምፑን የመረጥን የእኛ መሆኑን ጽፌ፣ ማስጠንቀቂያው እንዲነሳላት ጠይቄያለሁ። የጡረታ ወረቀቴ ገና ሳይፈረም ጠረጴዛዎ ላይ እንዳለ አውቃለሁ። ባለቤቴ "ይፈረምልህና አስገባ" ብላኝ ነበር። እሱ ከተፈረመ በኋላ የሚመጣ ድፍረት ለዚህች ልጅ ምን ያደርግላታል?

እህቴ፣ እዚያ ኋላ መሆንሽን አይቻለሁ። ይህን ወሬ ሳወራ አንድም ቀን አብረሽን ስቀሽ አታውቂም። ለምን እንደሆነ ይገባኝ ነበር፤ ዝም አልኩ። ይቅር በይኝ።

ሁላችሁንም እጃችሁን ከመጋዝ፣ ዓይናችሁን ከስንጥር ይጠብቅልኝ። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ። ጤና አይጉደልባችሁ፤ ጡረታችሁ በእርቅ የምትገቡበት ይሁን።

መርሐ ግብሩ ላይ ከእኔ ቀጥሎ የሚናገሩት ሥራ አስኪያጁ ናቸው። እንግዲህ ጌታዬ፣ ይምጡ። እሷም እየሰማች ነው።