የነደደው ጣሪያ

እናቴ እኔን ልትወልድ ምጥ ይዟት በታንኳ ስትመጣ መሸ፤ ማዕበልም ተነሣ። ቀዛፊዎቹ የብስ ጠፍቷቸው ሲንከራተቱ ሐይቁ ዳር ቤት ሲቃጠል አይተው በዚያ ወጡ። "የዚያ ምስኪን ቤት ባይቃጠል ጣና ውስጥ ቀርተን ነበር" ትለኛለች ሁሌ።

በቀደም ከወረታ ወርጄ፣ ዱሮ ለታንኳዎች ፋኖስ ይሰቀልበት የነበረውን የሐይቅ ዳር ቤት አየሁ። አሁን ሙዚየም ሆኗል፤ የሚያስጎበኙትም የፋኖሱ ጠባቂ የነበሩት ሽማግሌ ናቸው። ከጣሪያው ላይ የከሰለ እንጨት አየሁና "አባቴ፣ ይኼ ምን አገኘው?" አልኳቸው።

"እኔው ነኝ ያነደድኩት" አሉ። "አንድ ክረምት ላምባ አልቆብኝ ፋኖሱ ጠፋ። ወዲያው ከሐይቁ የሴት ጩኸት ሰማሁ። ሌላ ምን ላብራ? የቤቴን ክዳን ለኮስኩት። ምጥ የያዛት ሴት ኖራለች፤ በቃሬዛ ይዘዋት ሄዱ። ትትረፍ አትትረፍ ሳልሰማ ይኸው አረጀሁ።"

ጉልበታቸው ላይ ተደፋሁ። "ምነው ልጄ?" አሉ ደንግጠው።

"በሆዷ የነበርኩት እኔ ነኝ። እናቴም አለች" አልኳቸው እያለቀስኩ። ወዲያው ደወልኩላትና ማን እንዳገኘሁ ነግሬ ስልኩን ሰጠኋቸው። እሳቸውም ቀና ብለው፣ ትናንት ለወለደች አራስ እንደሚባለው፣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" አሏት።